ከሹራብ ጨርቅ ቁርጥራጭ የሚሰፋ የራስና የአንገት መሸፈኛ፤ አሠራሩ፣ ጥቅሙና ገደቡ

አቃቂ ቃሊቲ፦ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ የሚገኘው የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከተማና ገጠር የሚጎራበቱበት ስፍራ ነው። በአንድ ወገን ፋብሪካ፣ መጋዘንና የልብስ ስፌት ቤት ተደርድሯል፤ በሌላ ወገን ግንባታ ገና ባልደረሰበት ጥቁር አፈር ላይ ጤፍ፣ ሽንብራና ምስር ይዘራል። የስፌት ቤቱ ወለል ላይ በየዕለቱ የሚወድቀው የካናቴራና የቱታ ጨርቅ ቁርጥራጭ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻው የትራስ መሙያ፣ የጋራዥ ዘይት መጥረጊያ ወይም የቆሻሻ ገንዳ ነው። ከዚያው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ደግሞ አውድማ ላይ የቆመው አርሶ አደር እብቅና አቧራን የሚከላከለው በነጠላው ጫፍ ወይም በፎጣ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ስለሚያገናኝ አንድ ቀላል ሥራ ያብራራል፦ ከሹራብ ጨርቅ ቁርጥራጭ የሚሰፋ፣ ጫፍ የሌለው፣ የሚለጠጥ የራስና የአንገት መሸፈኛ።

ዕቃው ሲታይ ሁለቱም አፉ ክፍት የሆነ አጭር የጨርቅ ቱቦ እንጂ ሌላ አይደለም። በከተማችን ሞተረኞች ከራስ ቁራቸው ሥር ያደርጉታል፤ ብስክሌት ጋላቢዎችና ሯጮችም ያውቁታል። በገበያ ላይ በስፋት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢጓላዳ በተባለች የስፔን ካታሎኒያ ከተማ ዡዋን ሮኻስ የተባለ ሞተር ጋላቢ የሹራብ ባለሙያ ሲሆን፣ የድርጅቱ ስም ‹ቡፍ› ዛሬ በብዙ አገር የዕቃው መጠሪያ ሆኗል። እኛ ግን ለዚህ ጽሑፍ ‹ቱቦ ሻሽ› እንበለው፤ አገልግሎቱን ከባዕዱ ስም ይልቅ ይህ ይገልጸዋል።

ነጠላና ፎጣ ለዘመናት ያገለገሉ ናቸውና ቱቦ ሻሽ ይተካቸዋል ማለት አይደለም። በሥራ ላይ ግን ሁለት ችግር አለባቸው። አንደኛው ጎንበስ ቀና ሲባል መፈታታቸው ነው፤ ሁለቱ እጆች መንሽ ወይም ላይዳ በያዙበት ሰዓት የወደቀን ጫፍ መልሶ መጠምጠም አይመችም፤ ስለዚህ ሠራተኛው ትቶት አቧራውን ይስባል። ሁለተኛው ከበድ ይላል። የመውቂያ ማሽን በኪራይ ወደ አውድማ መግባት ከጀመረ ወዲህ የሚንጠለጠል የልብስ ጫፍ በቀበቶና በሚሽከረከር ዘንግ የመያዝ አደጋ አብሮ መጥቷል። ጫፍ የሌለው መሸፈኛ ይህን አደጋ ይቀንሳል፤ ምን ያህል እንደሚቀንስና የት ላይ እንደሚያቆም ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሥራው የሚጀምረው ጨርቁን ከማወቅ ነው። አቃቂ በጨርቅ የምትታወቅ ከተማ ናት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሕንድ ባለሀብቶች ሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ትውልድ እንጀራ ሆኗል። ይሁን እንጂ ያ ዓይነቱ ጨርቅ፣ ልክ እንደ ሸማኔው ሸማ፣ ድርና ማግ ያለው ነው። ቀጥ ብሎ የተወጠረ ክር በሌላ ቀጥ ያለ ክር ይቆለፋል፤ ስለዚህ አቡጀዲም ሆነ ካኪ ሲጎተት እምቢ ይላል፤ ሲቆረጥም ጠርዙ ይተረተራል። የሹራብ ጨርቅ ድርና ማግ የለውም። አንዱ ክር ራሱን እያጠፈ ቀለበት ይሠራል፤ ቀጣዩ ቀለበት በቀደመው ውስጥ ያልፋል፤ እንዲህ እየተያያዘ ይሄዳል። እናቶች በኪሮሽና በመርፌ የሚሠሩትን ሹራብ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የሚያገኘው ይህንኑ ነው። እንግሊዛዊው ዊሊያም ሊ እ.ኤ.አ. በ1589 ይህንን የእጅ ሥራ የሚያከናውን ማሽን ከሠራ ወዲህ የካልሲውም የካናቴራውም ጨርቅ መሠረት አንድ ነው። ጨርቁ ሲጎተት የሚለጠጠው ክሩ ራሱ ረዝሞ አይደለም፤ ክብ የነበረው ቀለበት ጠፍጠፍ ስለሚል ነው። ሲለቀቅም ወደ ቅርጹ ይመለሳል።

ከዚህ በመነሣት አንድ ሰፊ ሊያስታውሰው የሚገባው ነገር አለ፤ የሹራብ ጨርቅ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል አይለጠጥም። ብዙውን ጊዜ ወደ ጎን ብዙ፣ ወደ ቁመቱ ጥቂት ነው። ቱቦ ሻሽ የሚሳካውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ የሚለጠጠው አቅጣጫ ራስን የሚዞረው መሆን አለበት። ጨርቁ ተገልብጦ ከተቆረጠ ወይ ጭንቅላት አያሳልፍም፣ ወይ ካለፈ በኋላ ግንባርን እየጠበቀ ራስ ምታት ያመጣል። አቅጣጫውን ለመለየት ጨርቁን በሁለት እጅ ይዞ አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ መጎተት ይበቃል። ቀጭን የካናቴራ ጨርቅ ከሆነ ሌላም ምልክት አለው፤ ወደ ጎን ሲለጠጥ የተቆረጠው ጠርዙ ወደ ፊቱ እየተጠቀለለ ቱቦ ይሠራል።

ቁርጥራጩ ከየት ይገኛል? በልብስ ማምረቻ ውስጥ ጨርቅ በንድፍ ሲቆረጥ በክንድና በአንገት ቅርጽ መካከል የሚቀረው ትራፊ በዓለም ዙሪያ በተለመደው ግምት ከጠቅላላው ጨርቅ 15 በመቶ አካባቢ ነው። በአነስተኛ ስፌት ቤት ውስጥም ቢሆን የቱታና የካናቴራ ሥራ ባለበት ሁሉ ትራፊ አለ። ሄዶ መጠየቅና የሚበጀውን መምረጥ ነው። እጅጉን ትንንሽ የሆነው አይጠቅምም፤ ከመዳፍ ሁለት እጥፍ የሚያንሰውን ለትራስ መተው ይሻላል። ቤት ውስጥ ያረጀ ንጹሕ ካናቴራ ካለም ያገለግላል፤ የአንድ ትልቅ ሰው ካናቴራ ፊቱ ለአንድ፣ ጀርባው ለአንድ ቱቦ ሻሽ ይበቃል። በላስቲክ ቀለም የታተመበት ክፍል ግን አይለጠጥም፤ አየርም አያስገባም፤ በአፍና በአፍንጫ ላይ እንዳይውል አስቀድሞ ቆርጦ ማውጣት ያስፈልጋል።

የተገኘውን ጨርቅ ሁሉ ወደ መቀስ ከማቅረብ በፊት ሁለት ፈተና ማድረግ ጥሩ ነው። በመጀመሪያ ብዙ በሚለጠጠው አቅጣጫ 10 ሴንቲ ሜትር ለክተው በሳሙና ቁራጭ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያም ሳያስጨንቁ ይጎትቱት። 13 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ሲለቀቅ ወደ 10 የሚመለስ ከሆነ ጨርቁ ለዚህ ሥራ ተፈጥሯል። ተለጥጦ እዚያው የሚቀር ከሆነ ግን ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት፤ በሁለተኛው ቀን ከአንገት ላይ ይንሸራተታል። ሁለተኛው ፈተና የክሩን ዓይነት ማወቂያ ነው። ከጨርቁ ጥቂት ክር መዝዘው፣ ከነፋስና ከሚቀጣጠል ነገር ርቀው፣ በመቆንጠጫ ይዘው በክብሪት ያቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፤ ሽታውም የወረቀት ነው፤ ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፤ ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል።

ይህ ልዩነት ትርፍ ዕውቀት አይደለም። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፤ ለቆዳ ይመቻል፤ በቀትር ፀሐይ ውኃ ነክሮ መልበስም ይቻላል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። በኅዳርና በታኅሣሥ የአቃቂ ማለዳ ውርጭ ባለበት ሰዓት ላብ የጠጣ ጥጥ አንገት ላይ ሲቀዘቅዝ ምን እንደሚሆን አጫጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፤ እሳት ሲነካው ግን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ምጣድ አጠገብ ለምትውል እናት፣ ብረት ለሚበይድ ወጣት፣ ለአንጥረኛም ከፖሊስተር የተሠራ ቱቦ ሻሽ አይመከርም። ለእነርሱ ንጹሕ ጥጥ ብቻ።

ጨርቁ ከተመረጠ በኋላ ከመቆረጡ በፊት ይታጠብ፤ ይድረቅም። የጥጥ ሹራብ በመጀመሪያው እጥበት 5 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሰበሰባል። በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ 5 በመቶ ማለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ በልክ የተሰፋውን ጠባብ ለማድረግ ይበቃል።

ልኩ እንዲህ ይወሰዳል። ሜትሩን ከቅንድብ በላይ በግንባርና ከኋላ በማጅራት በኩል አዙረው የራስን ዙሪያ ይለኩ። የብዙ አዋቂዎች ዙሪያ ከ54 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ከተገኘው ልክ አንድ አሥረኛውን ይቀንሱ፤ ከዚያ ለስፌት 2 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩ። ለምሳሌ የራስ ዙሪያው 56 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሰው 50 ሲደመር 2፣ ማለትም 52 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይቆረጣል። ጨርቁ እጅግ የሚለጠጥ ከሆነ ለምሳሌ እንደ ካልሲ አፍ የተሸረበ ወይም የላስቲክ ክር ያለበት ከሆነ ሌላ 2 ሴንቲ ሜትር ቢቀነስ ይመረጣል። ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ ቁመት ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን አፍና አፍንጫ ላይ ሁለት ድርብ ለማጠፍም ሆነ ቆብ ለማድረግ የሚያስችለው ይኸው ትርፍ ነው። ለአንገት ብቻ ከተፈለገ 30 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

አሁን ወደ ስፌቱ። ብዙ ሰው የሹራብ ጨርቅ ያለ ኦቨርሎክ አይሰፋም ብሎ ያምናል፤ በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ያላት እናትም በዚህ ምክንያት ሥራውን ትተወዋለች። ለካናቴራና ለቱታ እምነቱ እውነትነት አለው። ለቱቦ ሻሽ ግን የለውም፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። ቀጥ ያለ ስፌት የሚበጠሰው ክሩ በሚጓዝበት አቅጣጫ ጨርቁ ሲለጠጥ ነው። ጨርቁ ይረዝማል፤ ክሩ አይረዝምም፤ ይበጠሳል። በቱቦ ሻሽ ላይ ብቸኛው ስፌት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነው፤ ጨርቁ የሚለጠጠው ደግሞ በራስ ዙሪያ፣ ወደ ጎን ነው። ስፌቱ በርዝመቱ አይጎተትም። ስለዚህ ቀጥ ያለ ተራ ስፌት፣ በሚገባ ከተሰፋ፣ ዓመታት ይቆያል።

አሰፋፉ ይህን ይመስላል። ጨርቁን ፊቱን ወደ ውስጥ አድርገው በስፋቱ ያጥፉት፤ ሁለቱን የቁመት ጠርዞች ገጥመው በእስፒል ያያይዙ። ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው ከላይ እስከ ታች ይስፉ። ዚግዛግ የሚያወጣ መኪና ካለ ጠባብ ዚግዛግ ይመረጣል፤ ከሌለ ጥቅጥቅ ባለ አጭር ቀጥ ያለ ስፌት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከሌላው ጥቂት ሚሊ ሜትር አርቆ መመላለስ ነው። ክሩ የፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ቶሎ ይበጠሳል። መርፌው ጫፉ ድቡል ያለ፣ ለሹራብ ተብሎ የሚሸጠው ቁጥር 11 ወይም 12 ቢሆን እጅግ ጥሩ ነው፤ ሹል መርፌ ቀለበቱን በስቶ ይቆርጣል፤ የተቆረጠ ቀለበት ደግሞ እንደ ሴት ካልሲ ወደ ታች ይተረተራል። ድቡል መርፌ ካልተገኘ አዲስና ቀጭን መርፌ ያስገቡ። መኪናው እየዘለለ ከሰፋ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የመርፌው ነው።

ሌላው የተለመደ ችግር ስፌቱ እንደ ማዕበል መጥመሙ ነው። ይህ የሚሆነው ጨርቁ ሲሰፋ በእጅ ስለተጎተተ ነው። መኪናው ራሱ ይውሰደው፤ እጅ መምራት ብቻ ነው ያለበት። ጨርቁ እጅግ ቀጭን ሆኖ አልያዝ ካለ ከሥሩ ስስ ወረቀት አንጥፎ አብሮ መስፋትና በኋላ ወረቀቱን ቀዶ ማውጣት የቆዩ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ብልሃት ነው። መኪና ለሌለው በእጅ መስፋትም ይቻላል፤ መርፌውን ወደ ፊት አውጥቶ ግማሽ ያህል ወደ ኋላ እየተመለሱ መውጋት ጠንካራ ስፌት ይሰጣል። ግማሽ ሰዓት ያህል የሚወስድ ሥራ ነው።

የላይና የታች ጠርዙስ? አይቀምቀም። ከላይ የተነገረው ምክንያት እዚህ ላይ ተገልብጦ ይሠራል፤ የቅምቅማቱ ክር በራስ ዙሪያ ስለሚሄድ ጨርቁ በተለጠጠ ቁጥር ይጎተታል፤ ቀጥ ያለ ስፌት ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ይበጠሳል። የሹራብ ጨርቅ ጠርዝ ደግሞ እንደ አቡጀዲ አይተረተርም፤ ጥቂት ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በሹል መቀስ በአንድ ጊዜ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ብቻ ይጠይቃል። ውበት የሚፈልግ በዚግዛግ ወይም በኦቨርሎክ ይቀምቅም።

አንድ ወጥ 52 በ50 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ካልተገኘ ሁለት ወይም ሦስት ቁርጥራጭ ጎን ለጎን መቀጠል ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ስፌት 2 ሴንቲ ሜትር መጨመር እንዳይረሳ። የቁርጥራጮቹ ውፍረት ይቀራረብ፤ የሚለጠጡበት አቅጣጫም አንድ ይሁን፤ ስፌቶቹ ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይውረዱ። አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቦ ወደ ላይ መቀጠል ግን አይሆንም፤ አግድም ስፌት ዙሪያውን ያንቃል። ቀለም ማቀናጀቱን ለሰፊዋ ምርጫ እንተወው። ጥቁር ጨርቅ ግን ፀሐይ ላይ ይሞቃል፤ ለመስክ ነጣ ያለው ይሻላል።

አለባበሱ ብዙ ነው። አንገት ላይ ሲወርድ የአንገት ልብስ፣ ወደ ላይ ሲሳብ ጆሮና ማጅራት መሸፈኛ፣ ታጥፎ ግንባር ላይ ሲታሰር ላብ መያዣና ፀጉር መሰብሰቢያ ይሆናል። ቆብ ለማድረግ ራስ ላይ አጥልቀው መሃሉን አንድ ጊዜ ያጣምሙትና የቀረውን ግማሽ ገልብጠው በላዩ ይደርቡ፤ ሁለት ድርብ ቆብ ይወጣዋል። ከሰሌን ባርኔጣ ሥር ማጅራት እስኪሸፍን ቢደረግ ሙሉ ቀን አጎንብሰው አትክልት ለሚኮተኩቱ ሰዎች ባርኔጣው የማይደርስበትን የአንገት ጀርባ ከፀሐይ ይጠብቃል።

ለአውድማ ሥራ ግን አለባበሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀለበት ሲለጠጥ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ፊት ላይ ተወጥሮ የተሳበ ጨርቅ እንደ ወንፊት ነው። ስለዚህ አፍና አፍንጫ የሚሸፍነው ክፍል ሁለት ድርብ ሆኖ ታጥፎ፣ ሳይወጠር መቀመጥ አለበት። እንዲህ ሆኖ እብቅን፣ ገለባንና ሸካራ አቧራን ይይዛል። ደቃቁንና ሻጋታ ያለበትን ብናኝ ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀርም፤ እርጥበት አግኝቶ የሻገተ ክምር የሚወቃ ሰው ወይም አስም ያለበት ለአቧራ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ጭምብል ቢያደርግ ይገባል። ከነፋሱ በላይ በኩል መቆምም ዋጋ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ በየስፌት ቤቱ ጭምብል ሲሰፋ ስለ እንዲህ ዓይነቱ ቱቦ ብዙ ተወርቷል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ሙከራ ‹ቱቦው ምንም ካለማድረግ ይብሳል› ተብሎ ተተረጎመ። ተመራማሪዎቹ ግን ዓላማቸው ርካሽ የመለኪያ ዘዴ ማሳየት እንጂ የጭምብል ዓይነቶችን ማወዳደር እንዳልነበረ አስረድተዋል። ነጠላ ቀጭን ጨርቅ ደካማ፣ ድርብ የተሻለ መሆኑ ግን ከዚያም በኋላ የጸና ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ገደብ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ኬሚካል ነው። በጤፍና በስንዴ ማሳ 2,4-ዲ (አርሶ አደሩ ‹ቱፎርዲ› የሚለውን) ፊቱን በጨርቅ ጠቅልሎ የሚረጭ ሰው ማየት የተለመደ ነው። ጨርቁ የሚረጨውን ጭጋግ አያጣራም፤ ይመጥጠዋል። የመጠጠውን ደግሞ አፍና አፍንጫ ላይ፣ በላብ በራሰ ቆዳ ላይ አስጠግቶ ለሰዓታት ያቆየዋል። ተጠብቄአለሁ የሚል ስሜት ስለሚሰጥም ሠራተኛው ነፋሱን ችላ ይላል። ለርጭት የሚያስፈልገው በኬሚካሉ መለያ ጽሑፍ ላይ የተጠቀሰው ጭምብል፣ ጓንትና መነጽር ነው፤ ቱቦ ሻሽ ለርጭት ፈጽሞ አይደረግም። ለነቀዝ ተብሎ በጎተራ ውስጥ የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ደግሞ ከዚህም ይከፋል። በአየር ውስጥ ካለው እርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚያወጣው ፎስፊን ጋዝ ነው፤ ጋዝን የሚያስቆም ጨርቅ የለም፤ እህሉ ባለበት ቤት ማደር ሕይወት ይቀጥፋል። አንድ የልብስ ስፌት ጽሑፍ ይህን ያህል ስለ መርዝ ማውራቱ ከርእስ መውጣት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መሸፈኛውን ሰፍታ ለባሏ የምትሰጥ ሴት ለምን እንደማይሆንም አብራ ልትነግረው ይገባል።

ከመውቂያ ማሽን አጠገብም እንዲሁ። ቱቦ ሻሽ የሚንጠለጠል ጫፍ የለውም፤ አንገት ላይ ያለ ዝግ ቀለበት መሆኑ ግን አይካድም። ማሽን ቢይዘው አይፈታም። ስለዚህ ከሚሽከረከር ነገር አጠገብ የታችኛው ጠርዙ በሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ ይገባ። ለሕፃናትም አንገታቸው ላይ አድርገው እንዲተኙ ወይም ዛፍ ላይ እንዲወጡ አይፈቀድ።

ከአውድማ የመጣ ቱቦ ሻሽ በየቀኑ ይታጠብ፤ ፊት የነካው ገጽ በማግስቱ ተገልብጦ እንዳይለበስ ሁለት ሰፍቶ ማፈራረቅ ይሻላል። ደጅ ላይ አራግፎ ከዚያ በሳሙና ማጠብ፣ ሳይጠመዝዙ ጨምቆ ጥላ ላይ ዘርግቶ ማድረቅ ለጨርቁ ዕድሜ ይሰጠዋል። በተለይ የላስቲክ ክር ያለበትን የፈላ ውኃና ኃይለኛ ፀሐይ ያደክመዋል።

መለጠጡን ትቶ የላላውም ቢሆን አይጣል። ንጹሕ ጥጥ ከሆነ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቅዳጅ ተቆርጦ ለቲማቲም ችግኝ ማሰሪያ ይሆናል። ከሲባጎ የሚሻለው ግንዱ ሲወፍር አብሮ ስለሚላላ ቅርፊቱን አለመቁረጡ ነው። ቅዳጁን በግንዱና በድጋፍ እንጨቱ መካከል አንድ ጊዜ አጣምሮ፣ ቋጠሮውን በእንጨቱ በኩል አድርጎ ማሰር ነው።